ናፍቆት ነው ያሉት ሕመም

በክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ልጄ ዳዊት የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ምራቴ ሜሮን አንድ ብቻ በነበረችው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እኔ ወረቀት በተነጠፈበት የምርመራ አልጋ ጫፍ ላይ ነበርኩ፤ እግሮቼ መሬት አይደርሱም።

ይህን የምዘረዝረው ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ነው። ማን እንደነበረና የት እንደነበረ ካልተጻፈ፣ ኋላ ሁሉም አልነበርኩም ይላል።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ክሊኒክ ነው። ዘመናዊው ስልክ ገና በየሰው እጅ ሳይገባ፣ የዛሬን አያድርገውና በሽታን ከስልክ መፈለግ ሳይለመድ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቴ ነው። ሐኪሙ ሳይዞር፣ "ዛሬስ እንዴት ናት?" አለ። የጠየቀው ልጄን ነው።

"ያው ነው" አለ ዳዊት በእንግሊዝኛ። "ይደክማታል። ዛሬ ጉልበቴን ትላለች፣ ነገ ትከሻዬን። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። አገሯ ናፍቋታል።"

እኔ ያልኩት ይህን አልነበረም። ያልኩት ግራ ጉልበቴ አብጧል፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አገሬም አልናፈቀኝም። እንግሊዝኛዬ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ለመናገር አፌ ይያዛል እንጂ ሲነገር እሰማለሁ። ልጄ ይህን ያውቅ ነበር፤ ረስቶታል።

ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ አገር መቀየር ከባድ እንደሆነ ተናገረ። የድብርት መድኃኒት አዘዘ። ሜሮን፣ "አገር ቤት ብትሄድ አይሻላትም?" ብላ ጠየቀችው። "ሊጠቅማት ይችላል" አላት።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጉዳዩ አልቆ ነበር። "እማዬ፣ ጥር ላይ ቲኬት እንቁረጥልሽና ትንሽ ተንፈስ ብለሽ ትመለሻለሽ" አለኝ ዳዊት። በሳምንቱ የተቆረጠውን ቲኬት አየሁት። የመሄጃ ብቻ ነበር። እኔ የመጣሁት የልጅ ልጄን ላሳድግ ነው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታለች።

ጉልበቴን ይዤ፣ ስሙን የማላውቀውን በሽታ ይዤ፣ ደረጃ መውጣት ሳልችል ልሰደድ ሰባት ሳምንት ቀረኝ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ የዚህን አገር በሽታ ማን ያውቀዋል?

አጀማመሩን ልጻፍ፤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አስካለ አስፐን ሂል አካባቢ፣ ጫካ ዳር የተከራየቻት ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበረቻት። ቤቱ ባዶ ሲሆን በአውቶቡስ እየሄድኩ አብሬያት እኮተኩት ነበር። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዳማከሴም ሳይቀር ዘርታለች። አጋዘኖች ከጫካው እየወጡ ጎመኑን ይበሉባታል። "ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ መጡ!" እያለች በአካፋ ታባርራቸዋለች። ልጄ ሥራ የሚገባው ገና ሳይነጋ ነው፤ ሜሮንም ልጅቷን አድርሳ በዚያው ትሄዳለች። የት ትውያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ገላዬን ስታጠብ ብሽሽቴ አጠገብ የጎመን ዘር የምታህል ጥቁር ነጥብ አገኘሁ። አፈር መስላኝ በጥፍሬ ፍቄ ጣልኳት። ከሳምንት በኋላ ቦታው ቀላ። እየሰፋ ሄዶ የስኒ ማስቀመጫ አከለ፤ ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ነጣ ያለ ክብ። አያምም፣ አያሳክክም። ትኩሳትና ራስ ምታት ተከተለ።

እኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ ውሎ ትኩሳት ለያዘው፣ ቆዳውም ለተቆጣበት ሰው ሌላ ስም አይፈለግለትም፤ ምች ነው። ለአስካለ ትኩሳቱን ብቻ ነገርኳት።

"ምች መቶሻል። ዳማከሴው እዚሁ አለልሽ" አለችኝ።

ቅጠሉን ጨምቃ አጠጣችኝ። የተረፈውን ቤት ወስጄ የቀላውን አሸሁበት። ሲያልቅብኝ ልቀጥፍ እየተመለስኩ እዚያው ሣር ውስጥ ተንበረከክኩ። በሽታው ያገኘኝ ከዚያ ሣር ነበር፤ መድኃኒት ብዬም የምሄደው ወደዚያው ሣር ነበር። በሦስት ሳምንት ክቡ ጠፋ። ዳማከሴው አዳነኝ ብዬ ጌታን አመሰገንኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ሽፍታው ምንም ባይቀቡትም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል።

ሐምሌ ላይ ድካሙ መጣ። እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያ ቀን ጉንፋን ነው አለ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ቁርጥማት ጀምሮኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። የመጠበቂያው ክፍል ቴሌቪዥን ሰው ኬክ ሲያስጌጥ ያሳያል። ዳዊት በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። "ዛሬ ሺፍቴን ነው ያስቀየርኩት" አለኝ፤ ሁለት ጊዜ። ስንገባ ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ላይ እያነበበ ብዙ ጥያቄ ደረደረ። አንደኛው የማላውቀው ቃል ነበረበት። ወደ ልጄ ዞርኩ። ዳዊት ግን ሳይነግረኝ፣ "ኖ፣ ኖ። ቤት ነው የምትውለው" ብሎ መለሰ።

"ምን አለ?" አልኩት።

"ተይው እማዬ። ስለ ጫካና ሣር ምናምን ነው።"

ልናገር ነበር። ግን የወለድኩትን ልጅ በፈረንጅ ፊት ተሳስተሃል ማለት ሆነብኝና ተውኩት። ሐኪሙ ጻፈ። ቀጥሎ የጠየቀውን ዳዊት አስተረጎመልኝ።

"ሰውነትሽ ላይ ሽፍታ ወጥቶብሽ ነበር ወይ ይላል።"

አዎ ብል የት ብሎ መጠየቁ ነው። ለልጄ ብሽሽቴ ላይ ልለው ነው። እሱም ያንን ለሐኪሙ ሊነግርልኝ ነው። ሜሮንም እዚያው አለች፤ ሜሮን የሰማችውን ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይሰማዋል።

"የለም" አልኩ።

ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ሐኪሙ ይህንንም ጻፈና የዕድሜ ቁርጥማት ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ውኃው በቀኝ በኩል ፈሰሰብኝ። መስታወት ውስጥ ግማሽ ፊቴ ወርዷል፤ ቀኝ ዓይኔ አልከደን አለኝ። ሜሮን ስታየኝ ጮኸች። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥን። አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነ ብለው ፎቶ አነሱኝ፤ ንጹሕ ነው አሉ። የፊት ነርቭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፣ ጭንቀትም ያመጣዋል ብለው የዓይን ጠብታ ሰጥተው አሰናበቱኝ። ዳዊት ከዚያ ሁሉ ይዞ የወጣው "ጭንቀት" የምትለዋን ነው። በዚያ ቀን የደረሰልኝ ሰው ቢኖር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ዓይኔ እንደማይከደን አይታ፣ ከበላዬ ያለውን መብራት ሳልጠይቃት አጠፋችልኝ።

ከዚያ የጸሎት ቡድኑ ተጠራ። ሜሮን ናት የጠራቻቸው። ስድስት ሴቶች ሳሎን ውስጥ ከበቡኝ። የቡድኑ መሪ እጇን ራሴ ላይ ጭና የናፍቆትና የሐዘን መንፈስ እንዲለቀኝ ገሠጸች። በጸሎት አምናለሁ። ግን ጌታ ፊት ቆመው ስለ እኔ የሚናገሩት እኔ የማላውቀውን ነገር ነበር።

"እህቴ፣ አሁን ቀሎሻል። እስቲ ፈገግ በይ!" አለችኝ መሪዋ።

ፈገግ ማለት የሚችለው ግማሹ ብቻ ነው። ያንኑ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ፊቴ በሁለት ወር ተመለሰ፤ ጉልበቴ ደግሞ ያን ጊዜ አበጠ። ከዚያ ያ ሦስተኛው ቀጠሮ፣ ናፍቆቱና ቲኬቱ። ድብርት እውነተኛ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ የሚያድናቸውን ሰዎች አውቃለሁ። እኔም እንደታዘዝኩት ጀመርኩት። የጉልበቴን እብጠት ግን አላወረደውም።

አስካለ በመከር ወቅት ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ልጇ አጠገብ ቤት ተከራይታ ነበር። መሄዴን ልነግራት በቀዩ መስመር ባቡር ወጣሁ፤ መሐል ከተማ ቀይሬ በቢጫው መስመር ቀጠልኩ። ጣቢያው ላይ አሳንሰሩ ተበላሽቶ መደገፊያውን እየተሳብኩ በደረጃ ወጣሁ። አስካለ ላዩ ላይ ቆማ ሳነክስ ታየኛለች። ቤት ስንገባ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ገለጥኩላት።

"ይሄ ነው ናፍቆቱ?" አለችኝ።

"ነው አሉ።"

"ናፍቆት ጉልበት ቢያሳብጥማ ኖሮ እኔ ይሄኔ ዝሆን በሆንኩ! አንቺ ሴት፣ ማነው ይሄን ያየው?"

"ያየው የለም። ኮምፒውተሩን ነው የሚያየው።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ዳዊት ነው የሚናገረው።"

አስካለ ብዙ ጊዜ አትናደድም። ያን ቀን ተነስታ ካፖርቷን ለበሰች። በእግር ዐሥር ደቂቃ ወደሚሆን፣ እንደ አቅም ወደሚያስከፍል ክሊኒክ ወሰደችኝ። እሷም የምትታከመው እዚያ ነው። ስሜ ሲጠራ አብራኝ ተነሳች።

"አንቺም እዚሁ ቆዪ" አልኳት።

"እኔ ምን አደረግኩ? ሴት ነኝ እኮ!"

"ቆዪ።"

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ተቀመጠች። የትኛውን ቋንቋ እንደምናገር ጠየቀችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ከየት እንደሆነ የማላውቀው የሴት ድምፅ መጣ።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ። አስተርጓሚ ነኝ። እርስዎ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሐኪሟ እነግራለሁ። እሳቸውም ያሉትን ለእርስዎ።"

ስሟን አልተናገረችም፤ የሥራ ቁጥሯን ብቻ ነው የተናገረችው። ፊቷን አላየሁም፤ እሷም የእኔን አታይም። ለልጄ፣ ለምራቴ፣ ለአስካለ ያልነገርኩትን ለዚያ ስልክ ነገርኩት። ክቡን፣ ቀለሙን፣ ስፋቱን፣ ብሽሽቴን። አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ እንደ ማንኛውም ቃል አስተላለፈችው።

"ያ ከመውጣቱ በፊት መዥገር ነክሶዎት ነበር ወይ ይላሉ።"

"መዥገር የማውቀው ከብት ላይ ነው። የጉሎ ፍሬ ያህላል። እዚህ ከብት የለኝም።"

ሐኪሟ ይህን ሰምታ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። የሰው ጣት ጫፍ ነው፤ ጣቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። የጎመን ዘር ታህላለች። ገና ያላደገች መዥገር ናት አሉኝ፤ አጋዘን ካለበት ሣር የምትገኝ።

"ጣልኳት" አልኩ። "በጥፍሬ።"

ሐኪሟ ጉልበቴን በሁለት እጇ ዳሰሰች። ካበጠ ወዲህ ሰው እጁን ሲያሳርፍበት የመጀመሪያው ነው። ደም ተወሰደ። የደም ምርመራው በሁለት ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ገና እንደተነከሱ ቢመረመሩትም የለም ሊል ይችላል አለችኝ። በሳምንቱ ተጠራሁ። ላይም የሚባል በሽታ ነው። ሐኪሟ እንዳለችው እኛ አገር ቅማል ከሚያመጣው ግርሻ ጋር በዘር ይዛመዳል። ግርሻን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ጎረቤታችን ሞቶበታል። የፊቴ መውረድ፣ የጣቶቼ መደንዘዝ፣ የጉልበቴ ማበጥ አንድ በሽታ እንደሆነ ስትነግረኝ እንድትደግምልኝ ጠየቅኩ። ደገመችልኝ። ወረቀቱንም አትማ ሰጠችኝ።

አስካለ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። "እኔ ደግሞ ዳማከሴ አጠጣሁሽ" አለች። ከዚያ ከቀለበቱ ላይ የቤቷን ትርፍ ቁልፍ ፈታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። አላመሰገንኳትም፤ ታውቀዋለች።

ስለ ፈውሱ አሁኑኑ ልጨርስ። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ለሃያ ስምንት ቀን። ከወተት ጋር አይወሰድም፤ በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ ከዋጡ በኋላም ወዲያው አይተኛም። በሁለተኛው ሳምንት የጉልበቴ እብጠት መጉደል ጀመረ። በወሩ ሳልደገፍ ደረጃ ወጣሁ። የጣቶቼ መደንዘዝ እስከሚቀጥለው በጋ ቆይቶ ለቀቀኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ አሁንም ይደርቅብኛል። ለዚህ በሽታ ዓመት ሙሉ መድኃኒት በደም ሥር እንስጥ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር፤ አትሂጂ አለችኝ፤ አልሄድኩም።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ሣር ውስጥ ከዋላችሁ ማታ ሰውነታችሁን ሁሉ እዩ፤ የምታፍሩበትን ቦታ በተለይ። ክብ ሽፍታ ካያችሁ ዳማከሴ አትቀቡ፤ ለሐኪም አሳዩ። ልጃችሁ አያስተርጉምላችሁ። ልጅ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ልጅ እናቱን የሚያውቃት ስለሚመስለው አይጠይቃትም። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። እኔ አላውቅም ነበር፤ የነገረኝም የለም።

ውጤቱን ለቤቱ ሰዎች አልነገርኳቸውም። መድኃኒቴን ክፍሌ ውስጥ እውጥ ነበር። ወረቀቱ የሚገባበት ፋይል የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ጠበቅኩ።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ለጉዞዬ ክትባት ቀጠሮ ነበረ። በረራው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ያው ክፍል ነው። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ፊት፣ ሜሮን ወንበሯ ላይ፣ ዳዊት በሩን ተደግፎ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ።

"አገሯ ልትገባ ነው አሉ" አለ ሐኪሙ ሳይዞር። "ጥሩ ነው።"

"ደስ ብሏታል" አለ ዳዊት።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሐኪሙ ትከሻ ላይ አሳልፌ ሰጠሁት። "እባክዎ ፋይሌ ውስጥ ያስገቡልኝ" አልኩ በእንግሊዝኛ።

አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ወንበሩን አዞረ፤ ፊቱን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ዳዊት።

"ላይም" አለ ሐኪሙ።

"እማማ፣ መቼ ነው የተመረመሩት? ከማን ጋር ነው የሄዱት?" አለችኝ ሜሮን።

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰና ፈጥኖ ወደ ኋላ ገለጠ። "እኔ ጠይቄያለሁ" አለ። "ይኸው፣ ነሐሴ ላይ። ጫካ ወይም ሣር ውስጥ መዋል፣ የመዥገር ንክሻ፦ የለም። ሽፍታ፦ የለም።" እንድናይለት ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። እውነቱን ነው፤ ተጽፏል።

"ሁለተኛውን የለም ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለግኩ። "የመጀመሪያውን ማን አለ?"

ሐኪሙ ዳዊትን አየው። ዳዊት የቁልፉን ቀለበት በጣቱ ያዞር ነበር፤ አቆመ።

"እማዬ፣ ቤት ነበርሽ ብዬ እኮ ነው..."

"ጠይቀኸኝ ነበር?"

ሜሮን ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። "አሁን ቲኬቱ ምን ሊሆን ነው? ሪፈንደብል አይደለም፣ ገንዘቡ አይመለስም እኮ" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ከአልጋው ወረድኩ። ግራ እግሬን አስቀደምኩ፤ ጉልበቴ ያዘልኝ። ወረቀቱ ሐኪሙ ጋ ይቅር ብዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ፤ መድኃኒቴም የአስካለ ቁልፍም ውስጡ ናቸው። ካፖርቴን ለበስኩ፤ እስክቆልፈው ድረስ ሁሉም ጠበቁ። ዳዊት አሁንም በሩን ተደግፏል። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

ዞር አለልኝ። ወጣሁ።